ኦክሞንት ላይ ዝናብ ሲጥል

ጎልፍ ተጫውቼ አላውቅም። ዱላውን በእጄ የያዝኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ኳስ ልመታ ሳይሆን፣ አንድ ሰው የተፈታ የጫማ ክሩን እስኪያስር ልይዝለት። ያም ሆኖ ትልልቆቹን የጎልፍ ውድድሮች እንቅልፌን እየሰዋሁ ማየት ከጀመርኩ ከአስር ዓመት በላይ ሆነኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በዚህ ነገሬ ሁሌ ይስቃል። «ሣር ሲያድግ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው አንተን አየሁ» ይለኛል። አልከራከረውም። ሣሩ እውነትም ያድጋል። አንዳንድ ሜዳ ላይ ደግሞ ታሪኩ ሁሉ ያለው እዚያው ሣሩ ውስጥ ነው።

ጁን 15 ቀን 2025 ግን ስክሪኔ ላይ የነበረው ሣር አይደለም፤ ውሃ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ፔንስልቬንያ ውስጥ፣ ከፒትስበርግ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው ኦክሞንት የጎልፍ ክለብ ላይ ሰማዩ ተቀደደ። ከጎልፍ ታላላቅ ውድድሮች አንዱ የሆነው የዩኤስ ኦፕን የመጨረሻ ቀን ነበር። ጨዋታው ቆመ። ተጫዋቾቹ ተጠለሉ። ሜዳው ላይ የቀረው ዝናቡ ብቻ ሆነ።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ጠበቅን። እንዳልተኛ ብዬ የዚህን ክለብ የቆዩ ውድድሮች ማገላበጥ ጀመርኩ። ማን መቼ አሸነፈ፣ በስንት ምት፣ እንዴት። አብዛኛውን ከዚህ በፊት አውቀዋለሁ። ግን እንዲህ በተከታታይ ሳነበው አንድ ነገር ከነከነኝ። ሰዎች ስለ ኦክሞንት ሲያወሩ ከሚያነሷቸው ቀኖች ውስጥ ዝናብ የጣለባቸው ለምን እንዲህ በዙ?

ይሄ ነገር የሚከነክነው የቦታውን ጠባይ ለሚያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ስለ ጠባዩ ላውራ።

ኦክሞንት ዩኤስ ኦፕንን አስር ጊዜ አስተናግዷል። ከዚህ በላይ ያስተናገደ ክለብ የለም። ሌላው ትልቅ ውድድር፣ የፒጂኤ ሻምፒዮና፣ ሦስት ጊዜ፣ የሴቶች ዩኤስ ኦፕን ሁለት ጊዜ ተካሂዶበታል፤ የአማተሮቹን (ለገንዘብ የማይጫወቱትን) ብሔራዊ ሻምፒዮና ደግሞ በየዘመኑ ሲያስተናግድ ኖሯል። በ1987 የአሜሪካ ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ። ይህን ሁሉ ሰምቶ ውብ ቦታ የሚጠብቅ ሰው ይደነግጣል። ኩሬ የለውም። ሐይቅ የለውም። የባሕር ዳርቻ የለውም። ባዶ፣ ወጣ ገባ ያለ ኮረብታ ነው። መሃሉን ደግሞ አውራ ጎዳና ሰንጥቆት ያልፋል። ከ2ኛው እስከ 8ኛው ያሉት ሰባት ጉድጓዶች ከመንገዱ ማዶ ናቸው። (ኳሱን እየመቱ 18 ጉድጓድ ውስጥ በየተራ ማስገባት አንድ ዙር ነው፤ በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል።) የዓለም ምርጥ ጎልፈኞች በድልድይ ሲሻገሩ ከሥራቸው የጭነት መኪና እያጓራ ያልፋል።

ሜዳውን የሠራው ሄንሪ ፋውንስ የሚባል ከብረት ሥራ ሀብት ያካበተ የፒትስበርግ ሰው ነው። ክለቡን በ1903 መሠረተ። መቶ ሃምሳ ያህል ሠራተኞችና በቅሎዎች አሰማርቶ አንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አስቆፈረው፣ አስደለደለው። ሙያው የጎልፍ ሜዳ መንደፍ አልነበረም። ከዚያ በኋላም ሌላ ሜዳ አልነደፈም። በሕይወቱ አንድ ሜዳ ብቻ ነድፎ ያ አንዱ ከዓለም ከባዶቹ መሃል ተመደበለት።

ልጁ ዊሊያም ደግሞ ከአባቱ የባሰ ነበር። ራሱ ጎበዝ ተጫዋች ነው፤ በ1910 የአሜሪካ አማተር ሻምፒዮን ሆኗል። እምነቱ አጭር ናት፤ መጥፎ ምት የመታ ሰው ያቺን ምት ለዘላለም ማጣት አለበት። ማስተካከያ የለ፣ ይቅርታ የለ። ይህን እምነት ወደ መሬት ያወረደበት መንገድ አሁን ሲነገር ቀልድ ይመስላል። የኦክሞንት አፈር ጭቃማ ነው፣ ውሃ አያሳልፍም። ስለዚህ ባንከሮቹን (ኳስ ገብቶ እንዲሰቃይ ተብለው አሸዋ የተሞሉትን ጎድጓዶች) በጥልቀት መቆፈር አልተቻለም። ጥልቅ ካልሆኑ ደግሞ ቅጣቱ ቀለለ። ታዲያ ምን ይደረግ? ልዩ መጥረጊያ ተሠራ። ጥርሱ ሰፊ፣ ክብደቱ ሰው የሚጥል ነው። አሸዋው ላይ ሲጎተት ልክ እንደ ታረሰ ማሳ ፈር ያወጣል። ኳሱ ፈሩ ውስጥ ይወድቃል። ከዚያ ወደ ፊት መምታት የለም፤ ወደ ጎን አውጥቶ መቀጠል ነው።

አስቡት። ተፈጥሮ ቅጣቱን ስላቀለለበት መሣሪያ አሠርቶ ያከበደ ሰው። እኔ ፋውንሶችን የማያቸው እንዲህ ነው። ሁሉ ነገር በእጃቸው እንዲሆን የሚፈልጉ ሰዎች። ሣሩ በእነሱ ልክ፣ አሸዋው በእነሱ ልክ፣ ኳሱ የሚንከባለልበት ፍጥነት በእነሱ ልክ።

ፍጥነቱን ካነሳን አይቀር፤ ጉድጓዱ ያለበት እንደ ምንጣፍ የተከረከመው ሣር ግሪን ይባላል። የኦክሞንት ግሪኖች ፍጥነት አፈ ታሪክ ነው። ዩኤስ ኦፕን ሲመጣ ክለቡ ግሪኖቹን ለአባላቱ ከሚያዘጋጀው ቀስ ያደርጋቸዋል የሚል ቀልድ አለ። የሚገርመው ከቀልዱ ጀርባ ያለው ታሪክ ነው። በ1935ቱ ዩኤስ ኦፕን ኤድዋርድ ስቲምፕሰን የሚባል የማሳቹሴትስ አማተር ተጫዋች ተመልካች ሆኖ መጥቶ ነበር። ጂን ሳራዘን ግሪን ላይ ሆኖ ኳሱን በቀስታ ሲገፋ አየ። ኳሱ ጉድጓዱን አለፈ፣ አልቆመም፣ ግሪኑን ጨርሶ ወጣና ባንከር ውስጥ ገባ። ሳራዘን ማለት እኮ በ1922 እዚሁ ኦክሞንት ላይ በሃያ ዓመቱ የፒጂኤ ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። ስቲምፕሰን «ይሄ ፍጥነት ልክ አይደለም» ብሎ አሰበ። ግን በምን ያስረዳ? ቤቱ ገብቶ ቦይ ያለው ከእንጨት የተሠራ ዘንግ ሠራ። ኳሱን ዘንጉ ላይ ታስቀምጣለህ፣ ዘንጉን ከአንድ ጫፍ ቀስ ብለህ ታነሳለህ፣ ኳሱ ራሱ ይንከባለላል፣ ስንት ጫማ እንደሄደ ትለካለህ። በቃ። የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር በ1970ዎቹ ውስጥ ዘንጉን በብረት አሠርቶ ለክለቦች አከፋፈለው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የግሪን ፍጥነት የሚነገረው በዚህ ሰው ስም ነው፤ «ስቲምፑ ስንት ነው?» ይባላል። አንድ ኦክሞንት ላይ የተንሸራተተ ኳስ የወለደው መለኪያ ነው።

በ1935 ያሸነፈው ሳም ፓርክስ ይባላል። እዚያው ፒትስበርግ አካባቢ ባለ ሌላ ክለብ ጎልፍ የሚያስተምር ሰው ነበር። ከእሱ በፊትም በኋላም ስሙ በትልቅ ድል አልተነሳም። ሜዳውን ግን ያውቀዋል፤ ደጋግሞ እየመጣ ተለማምዶበታል። በአራት ዙር 299 ምት መታ። ከ300 በታች የገባው እሱ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ አሸናፊ ደስ ይለኛል። ዝነኞቹ በጉልበት ሲሞክሩ፣ የሰፈሩ ልጅ የት መርገጥ እንደሌለበት አውቆ አለፋቸው።

ከዚያ በፊት በ1927 ቶሚ አርሞርና ሃሪ ኩፐር እያንዳንዳቸው 301 ምት መትተው እኩል ወጡ፤ ከፓር 13 በላይ ማለት ነው። (ፓር ማለት ጎበዝ ተጫዋች ይበቃዋል ተብሎ የተቆረጠ የምት ቁጥር ነው። ከዚያ አንድ ካነሰ በርዲ፣ አንድ ከበለጠ ቦጊ ይባላል።) አርሞር በመለያው ዙር አሸነፈ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቆስሎ አንድ ዓይኑን ያጣ ሰው ነበር። አማተሮቹ ጋ ደግሞ ቦቢ ጆንስ አለ። በ1919፣ በ17 ዓመቱ፣ እዚህ ለፍጻሜ ደርሶ በክለቡ አባል በዴቪድሰን ሄሮን ተሸነፈ። በ1925 ተመልሶ መጣና የፍጻሜውን ጨዋታ አሸነፈ። ያን ቀን የገጠመው ተቀናቃኝ ከራሱ ክለብ አብሮት የመጣው ዋትስ ገን ነበር።

ቤን ሆገን በ1953 መጣ። ከአራት ዓመት በፊት መኪናው ከአውቶቡስ ጋር ተጋጭታ፣ ዳግመኛ መራመዱም አጠራጥሮ ነበር። ኦክሞንት ላይ ሁለተኛውን ሳም ስኒድን በስድስት ምት በልጦ አሸነፈ። ያን ዓመት ሌሎቹን ሁለት ታላላቅ ውድድሮች፣ ማስተርስንና የብሪታንያውን ኦፕንም ወስዷል። ከውድድሩ በፊት ስለ ባንከሮቹ ፈር ትልቅ ንትርክ ነበር። ማኅበሩ ይቅር አለ፣ ክለቡ አይቀርም አለ፣ በስተመጨረሻ ግማሽ መንገድ ላይ ተገናኙ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ፈሩ ጭራሽ ቀረ። ፋውንሶች የሠሩት የመጀመሪያው ነገር ተሸነፈ። እስካሁን ግን የተሸነፈው በሰው ክርክር ነው።

1962 ላይ ቆም ማለት አለብኝ። ሰው የማይጠግበው ታሪክ ነው። አርኖልድ ፓልመር የዚያ ዘመን ንጉሥ ነው። የተወለደው ላትሮብ፣ ከኦክሞንት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቃ ባለች ከተማ ነው። ሕዝቡ የሱ ነው። ወላጁም ጎረቤቱም የሚያውቀው ሰውም ሜዳው ዳር ተኮልኩሏል። ተቀናቃኙ ጃክ ኒክላውስ የ22 ዓመት ወጣት ነው፣ በፕሮፌሽናልነት ገና አንድም ውድድር አላሸነፈም። ወፈር ያለ ነው፣ ሳቅ አያበዛም። ተመልካቹ ሰደበው። ሆዱን እየጠቀሱ ጮሁበት። ኳሱ ሲሳሳት አጨበጨቡ።

ኒክላውስ አልሰማም። በኋላም ሲጠየቅ አብዛኛውን አልሰማሁትም ነበር ብሏል፤ እኔ አምነዋለሁ። ሁለቱ ከአራት ዙር በኋላ በ283 እኩል ሆኑ። በማግስቱ ለመለያ ሌላ 18 ጉድጓድ ተጫወቱ። ኒክላውስ 71፣ ፓልመር 74። ልዩነቱ የተፈጠረው እነዚያ ፈጣን ግሪኖች ላይ ነው። ኒክላውስ በአምስቱም ዙር አንድ ግሪን ላይ ሦስት ጊዜ የገፋው አንዴ ብቻ ነው። ፓልመር አስር ጊዜ ያህል። በገዛ አገሩ፣ በገዛ ሰዎቹ ፊት፣ ኳሱ ከጉድጓዱ አፍ እየተንሸራተተ አልፎ አስለቀሰው። ይህ የኦክሞንት ንጹሕ ገጽ ነው። ሜዳው የተሠራለትን ሥራ ሠራ። ስድቡን አልሰማ፣ ጭብጨባውን አልሰማ፤ የቆጠረው ምት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዝናቡ።

1973። ጆኒ ሚለር የሚባል የ26 ዓመት ልጅ በሦስተኛው ዙር ሜዳው ላይ ሲደርስ ማስታወሻ ደብተሩን ረስቷል። ርቀቱን ሁሉ የጻፈባት ደብተር ናት። ሚስቱ ልታመጣ ሄደች፤ እስክትመለስ ግን ብዙ ጉድጓድ አለፈ። 76 መታ። ከመሪዎቹ ስድስት ምት ወደ ኋላ ቀረ። ውድድሩ ለሱ አበቃ። ሚስቱ ሻንጣ ማዘጋጀት ይሻላል ብትል ማን ይፈርድባታል።

ሜዳው ግን በዝናብ ርሶ ነበር። ያን ድንጋይ የሚያክል ግሪን ውሃ ሲያለሰልሰው ምን እንደሚሆን ለማወቅ ጎልፈኛ መሆን አያስፈልግም። ደረቅ ግሪን ላይ የወደቀ ኳስ ነጥሮ ይሄዳል። እርጥብ ግሪን ላይ የወደቀ ኳስ ጭቃ ላይ እንደ ተወረወረ እንቁላል ባለበት ይቀራል። ሚለር ቀድሞ ወጣ። የመጀመሪያዎቹን አራት ጉድጓዶች በተከታታይ በርዲ አደረገ። 18ቱንም ግሪኖች በተፈቀደው ምት አገኘ። ዘጠኝ በርዲ፣ አንድ ቦጊ። ድምሩ 63።

63 ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ በየትኛውም ዩኤስ ኦፕን 63 የመታ ሰው አልነበረም። አሁን ይህ የሆነው በመጨረሻው ቀን፣ ከኋላ ተነስቶ፣ በኦክሞንት ላይ ነው። ጆን ሽሊን በአንድ ምት በልጦ ዋንጫውን ወሰደ። ክለቡ ውስጥ የነበረውን ስሜት ደስታ ብቻ ብሎ መጥራት ይከብዳል። አንዳንዱ ሰው ዝናቡን ወቀሰ። አንዳንዱ የውሃ መርጫው በስህተት ተከፍቶ አድሯል የሚል ወሬ አወራ። በሚቀጥለው ዓመት ዩኤስ ኦፕን ወደ ኒውዮርኩ ዊንግድ ፉት ሲሄድ ሜዳው እጅግ ከመክበዱ የተነሳ ሄል ኧርዊን ከፓር ሰባት በላይ መትቶ አሸነፈ። ብዙ ሰው ይህን የ63 ብድር መመለሻ አድርጎ አየው። ማኅበሩ አይደለም አለ። እኔ ግን ብድሩን የከፈሉት 63 ያልመቱት ሌሎቹ ተጫዋቾችም መሆናቸው ነው የሚያስቀኝ።

ሚለር ላይ ስለ ዝናቡ ብዙ ተብሏል። ልጨምር የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ዝናቡ የጣለው ለሁሉም ነው። ያን ቀን ፓልመርም ነበር፣ ኒክላውስም ነበር፣ ሊ ትሬቪኖም ነበር። 63 ያመጣው ግን አንዱ ብቻ ነው።

በ1983 ዝናቡ በሌላ መንገድ መጣ። እሁድ ማዕበል ውድድሩን አቋረጠና ለሰኞ ተረፈ። ላሪ ኔልሰን የሚባለው ሰው ቬትናም ዘምቶ ከተመለሰ በኋላ፣ በ21 ዓመቱ ነው ጎልፍ የጀመረው። በዚህ ጨዋታ 21 ዓመት ሽማግሌ ነው፤ ሌሎቹ በአምስት ዓመታቸው ዱላ የጨበጡ ናቸው። ሰኞ ጠዋት ሲመለስ የጠበቀው 16ኛው ጉድጓድ ነው። እዚያ ግሪን ላይ ከ62 ጫማ ርቀት፣ ማለትም ከ19 ሜትር ገደማ የገፋው ኳስ ገባ። ቶም ዋትሰንን በአንድ ምት አሸነፈ። አንድ ሌሊት ሙሉ «ነገ ምን ይሆናል» እያለ ያደረ ሰው፣ በጠዋት ተነስቶ እንዲህ ያለ ኳስ ሲያስገባ! ዋትሰን ደግሞ ምስኪን ነው። በ1978ቱ የፒጂኤ ሻምፒዮና እዚሁ ኦክሞንት ላይ ሲመራ ውሎ በጆን ማሃፊ በመለያ ተቀምቷል። ፒጂኤን ሳያገኝ ነው ዘመኑን የጨረሰው።

1992 ሴቶቹ መጡ። ይህኛው በጣም ደስ የሚለኝ ነው፤ እንደሚገባውም አይወራም። ጁሊ ኢንክስተር ሁለት ጉድጓድ ሲቀር ፓቲ ሺሃንን በሁለት ምት ትመራለች። ዝናብ መጣ። ቆሙ። ዝናቡ ሲያባራ ሺሃን 17ኛውን በርዲ አደረገች። 18ኛው ላይ የመጀመሪያ ምቷ ከመስመር ወጥቶ ረጅሙ ሣር ውስጥ ገባ። በኦክሞንት ረጅሙ ሣር ማለት ኳስህን አገኘህ ማለት ብቻ ነው፤ መምታቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ግን ሜዳው ላይ ውሃ አቁሯል። ደንቡ ደግሞ የቆመ ውሃ ላይ ያለ ሰው ያለ ቅጣት ኳሱን ወደ ደረቅ ቦታ ያንሳ ይላል። ቅርብ የሆነው ደረቅ ቦታ የት ተገኘ? የተከረከመው መሃል መንገድ ላይ። ሺሃን ኳሷን እዚያ አስቀመጠች፣ ግሪኑ ላይ አወጣችው፣ አስገባችው። እኩል ሆኑ። በማግስቱ በመለያው 72 ለ74 አሸነፈች።

ዊሊያም ፋውንስ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር እያልኩ አስባለሁ። መጥፎ ምት ለዘላለም የጠፋ ምት ነው ያለው ሰው። ዝናቡ መጥቶ ኳሱን ከቅጣቱ አንስቶ መንገድ ላይ አስቀመጠው።

እዚህ ላይ ስለ ዛፎቹ ካልነገርኳችሁ ነገሩ ጎደሎ ይሆናል። ኦክሞንት ሲሠራ ባዶ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግን አንድ ሰው «ውበት ይጎድለዋል» አለና ዛፍ ተተከለ። በሺዎች። በ1994 ኧርኒ ኤልስ በ24 ዓመቱ ሎረን ሮበርትስንና ኮሊን ሞንትጎመሪን በመለያ ሲያሸንፍ፣ የ64 ዓመቱ ፓልመርም በዩኤስ ኦፕን ለመጨረሻ ጊዜ ተጫውቶ ጋዜጠኞች ፊት ፎጣ ፊቱ ላይ አድርጎ ሲያለቅስ፣ ጀርባው ላይ የሚታየው ደን ነው።

ከዚያ በፊት ጀምሮ ግን አንድ ስውር ሥራ እየተሠራ ነበር። ሜዳውን የሚንከባከቡት ሠራተኞች ጎህ ሳይቀድ በመብራት ዛፍ ይቆርጡ ነበር። ግንዱን ያነሳሉ፣ ጉቶውን ይፈጫሉ፣ ሰጋቱራውን ጠርገው ሣር ያለብሳሉ። ጠዋት አባላቱ ሲመጡ ምንም የሆነ አይመስልም። አስቂኝም ነው፣ ልብም ይነካል። ሰው የራሱን ዛፍ በሌብነት ሲቆርጥ! በመጨረሻ ተነቃባቸው፣ አባላቱ ለሁለት ተከፈሉ፣ ተጨቃጨቁ። ቆራጮቹ አሸነፉ። በ2007 ዩኤስ ኦፕን ተመልሶ ሲመጣ 5,000 ያህል ዛፎች ጠፍተዋል። ከክለቡ ቤት በረንዳ ላይ ሆኖ ሜዳውን ከጫፍ ጫፍ ማየት ተቻለ። ያን ዓመት አርጀንቲናዊው አንሄል ካብሬራ ከፓር አምስት በላይ መትቶ አሸነፈ፤ ታይገር ውድስና ጂም ፊዩሪክ በአንድ ምት ተበለጡ። ካብሬራ ሲጋራውን እያጨሰ ነበር የሚጫወተው። ሌሎቹ የሥነ ልቦና ባለሙያ አላቸው፣ እኔ ሲጋራ አለኝ የሚል ነገርም ተናግሯል።

2016 ላይ የታየው ግን የሰማይ ሥራ አይደለም። ሐሙስ ዕለት ዝናብ ነበረ፤ የሚታወሰው ግን እሁድ ነው። ደስቲን ጆንሰን 5ኛው ግሪን ላይ ሊገፋ ሲዘጋጅ ኳሱ ከፀጉር በማትበልጥ ነገር ተንቀሳቀሰ። ዳኛውን ጠራ። ዳኛው ቅጣት የለም፣ ቀጥል አለው። ሰባት ጉድጓድ ቆይቶ 12ኛው ላይ ሌሎች ኃላፊዎች መጡና «ልንቀጣህም ላንቀጣህም እንችላለን፣ ሲያልቅ እናያለን» አሉት። ይታያችሁ! መሪው ስንት ምት እንደመታ አያውቅም። ተከታዮቹ ምን ያህል እንደሚቀራቸው አያውቁም። ጆንሰን አራት ምት ሲመራ ጨረሰ፣ አንዱን ቀጡት፣ በሦስት አሸነፈ። ከ2017 መግቢያ ጀምሮ ግሪን ላይ በድንገት የተንቀሳቀሰ ኳስ አያስቀጣም ተባለ። ኳሱን ያንቀሳቀሰው ግን እኔ እስከሚገባኝ ያው የድሮው ነገር ነው። የኦክሞንት ግሪን ዘንበል ያለ ነው፣ ከመጠን በላይ ተከርክሟል። ኳስ እዚያ ላይ ዝም ብሎ መቆሙ ነው ተዓምሩ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሳነብ 2025 ላይ ደረስኩ፤ ስክሪኑ ላይ ዝናቡ ቀጭኗል።

ጄ ጄ ስፖን የሚባለውን ተጫዋች ከዚያ ሳምንት በፊት ብዙ ሰው አያውቀውም። ሐሙስ አንድም ቦጊ ሳያደርግ 66 መትቶ ሲመራ ሰው ተገረመ። እሁድ ዕለት ግን ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። ሌሊቱን ልጁ ታማ መድኃኒት ፍለጋ ወጥቷል፤ እንቅልፍ በደንብ አላገኘም። ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ጉድጓዶች አምስቱን ቦጊ አደረገ። 2ኛው ላይ ደግሞ ቆንጆ ምት መትቶ ኳሱ የባንዲራውን ዘንግ መታና ተፈናጥሮ ከግሪኑ ወጥቶ ቁልቁል ወረደ። እኔ ራሴ «በቃ፣ አለቀለት» አልኩ። ያኔ ነው ዝናቡ የመጣው።

ልብሱን ቀየረ። ተቀመጠ። ከቡድኑ ጋር ተነጋገረ። ሲመለስ ሌላ ሰው ነበር። ሜዳው አልቀለለም፤ ይሄን መናገር አለብኝ፣ አለበለዚያ የዝናቡን ነገር አጋነንኩት ይባላል። ሣሩ ርሶ ከብዷል፣ ኳሱ ላይ ጭቃ ይለጠፋል፣ ይመሩ የነበሩት እነ ሳም በርንስ ውሃ ውስጥ እየረገጡ ተንኮታኮቱ። ስፖን ግን 12ኛው ላይ ከሩቅ አስገባ። 14ኛው ላይ ደገመ። 17ኛው አጭር ጉድጓድ ነው፤ በአንድ ምት ግሪኑ ላይ አወጣውና በርዲ አደረገ። ስኮትላንዳዊው ሮበርት ማኪንታየር ጨርሶ ቁጭ ብሎ ውጤቱን ይጠብቃል።

18ኛው ላይ ስፖን ግሪኑ ላይ ደረሰ፤ ጉድጓዱ ግን ከ64 ጫማ በላይ ይርቃል። በሁለት ቢገፋው አሸናፊ ነው። ቪክቶር ሆቭላንድ ከሱ በፊት ከዚያው አቅጣጫ ገፋ። ስፖን አጎንብሶ የሆቭላንድ ኳስ እንዴት እንደታጠፈች አየ። ከዚያ ተራው ደረሰ። ዝናቡ እያንጠባጠበ ነው። ገፋው። ኳሷ ወጣች፣ ታጠፈች፣ ስትሄድ፣ ስትሄድ… ገባች። ዱላውን ወረወረ። ማኪንታየር ሲያሸንፍበት እያየ አጨበጨበለት። ከመቶ ሃምሳ ስድስቱ ተወዳዳሪዎች ከፓር በታች የጨረሰው ስፖን ብቻ ነው፤ በአንድ ምት።

ተነስቼ ቆምኩ። እንቅልፍ ጠፍቷል። 64 ጫማ ስንት እንደሆነ ማየት ፈለግሁ። 20 ሜትር ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። ከመስኮቱ ሥር ጀምሬ በእርምጃ ቆጠርኩ። ሳሎኑ አለቀ። መተላለፊያው አለቀ። በሩን በቀስታ ከፍቼ ደረጃው ድረስ ወጣሁ፣ ባዶ እግሬን፣ ገና ስድስት እርምጃ ይቀረኛል።